ከሐኪም የደበቅሁት ሐይቅ

ጣና ዳር የምትኖሪ እኅቴ፣ ውሃ ነክተሽ ስትወጪ እግርሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ ሥራሽን አቁመሽ ይችን አንብቢ። ወንዶችም ብታነቡት አይከፋም፤ በሽታው ሴት ወንድ አይልም። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። የእጅ ሥራ መምህርት ነበርሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ነገር ማስረዘምም አልወድም። ታሞ የዳነ ሰው ሲጽፍ ወይ ሐኪሙን ያማርራል ወይ ያመሰግናል። እኔ የማማርረው ራሴን ነው።

ስሜ የሺ ነው። የተወለድሁት ይፋግ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቀለማቸውን ራሳቸው በጥብጠው ብራና ላይ ይጽፋሉ። ለቀለማቸው የሚሆነውን ቅጠልና ጥላሸት የምሰበስብላቸው እኔ ነበርሁ። እኩዮቼ ቤት ሲጫወቱ እኔ ቅጠል ፍለጋ ገደል ለገደል ስዞር እውላለሁ፤ እናቴ ይች ልጅ ፍየል ናት ትል ነበር። መሬት ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ፣ አፈሩም ጠጠሩም ለአንድ ነገር የሚሆን ይመስለኛል። ይህ አመል ሳይለቀኝ አደግሁ፣ ተምሬ ባሕር ዳር ተመደብሁ፣ እዚያው ታደሰን አገባሁ። ታደሰ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። በብስክሌት ይሄዳል፣ በብስክሌት ይመለሳል፣ በመሐሉ ምን እንደ ገጠመው ካልጠየቁት አይናገርም። አንዲት ሴት ልጅ ወለድንና ማስተዋል አልናት። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ ግቢውን ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር እንጋራለን፣ ግድግዳው ስስ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የሚሰጠኝ ወረቀትም ክርም አልነበረም፤ ባካባቢው በሚገኝ ነገር ተጠቀሚ ተባልሁ። እኔም እሺ ብዬ ተማሪዎቼን ሐይቁ ዳር እያወረድሁ በደንገል፣ በጭቃና በዛፍ ፍሬ አሠራቸው ጀመር። እነሱ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ እቀራለሁ። በበጋ ሐይቁ ይሸሽና ሰፊ ጭቃ መሬት ትቶ ይሄዳል። በዚያ መሬት ላይ ጥቁር ድንጋይ እየደረደርሁ፣ መሐል መሐሉን የሞተ ቀንድ አውጣ በተወው ነጭ ቅርፊት እየሞላሁ፣ ትልልቅ ክብና ጥምዝምዝ መስመር እሠራለሁ። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ተመልሶ ይወስደዋል። አይሸጥም፣ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ማንም አያደንቀውም። ጎረቤቶቼ የየሺ ውቃቢ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ድንጋዩ ከድንጋዩ አጠገብ ቦታውን ሲያገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ።

አንድ በጋ ከሁሉ የሚበልጠውን ሠራሁ። ከዳር እስከ ዳር አርባ እርምጃ የሚሆን ጥምዝ ነበር፤ ጥቁሩና ነጩ እየተከታተለ ወደ መሐል ይገባል። ስጨርስ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁትና እንባዬ መጣ። ለካ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚያ በኩል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ክፍል ውስጥ ገብተው ከተማሪዎቼ ፊት ወሰዱኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የማውቀው ሰው ነው፤ ልጁን አስተምራለሁ። ያን ቀን ግን እንደማያውቀኝ ሆነ።

«ምልክቱ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለማንም አይደለም።»

«ለማንም ያልሆነ ምልክት እኔ አይቼ አላውቅም» አለና ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ።

አትፍረዱበት አልልም፣ ፍረዱበት። ግን ጊዜውንም አስቡት። ሰሜን ጦርነት ነው፤ ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ እንደ ወጣ ይቀራል። እኛ ሰፈር እንኳ ከአንድ ቤት አባትና ልጅ ተወስደው የት እንደ ገቡ የሚጠይቅ አልነበረም። ድንጋይ መደርደር ያስደስተኛል ብል ማን ያምነኛል? ሦስት ቀን አሳድረውኝ በአራተኛው አስፈረሙኝ፤ ዳግመኛ ሐይቁ ዘንድ ላልደርስ። ዋሴ ታደሰ ሆነ። ቃሌን ካፈረስሁ በእኔ ቦታ እሱ እንደሚጠየቅ ወረቀቱ ላይ በደንብ ተጽፏል። መጠየቅ ማለት ምን እንደ ሆነ አልተጻፈም፣ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ስንወጣ ሊቀ መንበሩ የታደሰን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሚስትህን ጠብቃት አለው። ታደሰ እሺ አለ።

አንድ ዓመት ቃሌን ጠበቅሁ። ከዚያ አፈረስሁት። ባሌን አስይዤ ነው የሄድሁት። ሱሰኛ ሰው እያወቀ እንደሚያደርገው ነው ያደረግሁት፣ ሌላ ማመካኛ የለኝም። ታደሰ የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ማስተዋልን እንደ ተኛች ትቼ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ እሱ ሳይመለስ እገባለሁ። ዳሩ ላይ እንዳልታይ ብዬ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። ደንገል ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ ከገባሽ ከዳርም ከሰማይም የሚያይሽ የለም። ውሃው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ደንገሉን ሳልቆርጥ ጎንበስ አድርጌ ጫፉን ከጫፍ እያሰርሁ ቅስት ቅስት አደርገዋለሁ፤ ከልጡ ክር ፈትዬ ነጩን ቅርፊት አንጠለጥልበታለሁ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ይወዛወዛል። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆሜ ሠርቼ፣ ታጥቤ፣ ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ደረቁን ቅርፊት ከዳር መልቀም አልችልም፣ እታያለሁ። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ከደንገሉ ሥር እየለቀምሁ በጣሳ ቤት አመጣቸዋለሁ። ከማድ ቤቱ ኋላ ባለች ሳፋ ውሃ ውስጥ እተዋቸዋለሁ፤ ሲሞቱ ሥጋቸው በስብሶ ይወጣና ቅርፊቱን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ታደሰ ሳፋዋን አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ ለማስተማሪያ ልጆች ያመጡልኝ ነው አልሁት። እሺ አለ። ታደሰ ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው።

መጀመሪያ የጀመረኝ በእግሬ ነው። ከደንገሉ ወጥቼ ውሃው ሳይደርቅልኝ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣና ቁንጫ እንደ በላው ያሳክከኛል፤ በማግስቱ ይጠፋል። የደንገሉ ስለት ነው ብዬ ቅባት ቀባሁበት። ከወር በኋላ ትኩሳት ያዘኝ። ማታ ማታ ያንቀጠቅጠኛል፣ ደረቅ ሳል ያስለኛል፣ ጧት ምንም እንዳልነካው ሰው እነሣለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ያኔ ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዋል ነው። ወረፋው ይዞራል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሁሉም የሌላውን ሕመም እየሰማ የራሱን ይረሳል። የጤና ረዳቱ፣ ያኔ ድሬሰር የምንለው፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና ወባ ነው አለ። ባሕር ዳር ላይ ትኩሳት ያለበት ሁሉ ወባ ነው። ክሎሮኪን ሰጠኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ትኩሳቱም በራሱ ጊዜ ተወኝ። መድኃኒቱ ነው ብለን ድሬሰሩን መረቅነው። ወዲያው ሆዴ ጀመረኝ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሆነ። አሁንም ያው ድሬሰር አሜባ ነው አለና ፍላጅል አዘዘ። አፌ ብረት ብረት እያለኝ ዋጥሁት፣ ለአንድ ሳምንት ተሻለኝ፣ ተመለሰ። ደግሞ ዋጥሁ፣ ደግሞ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደንገሉን ተውሁት መሰላችሁ? ትንሽ ሻል ባለኝ ቁጥር እሄድ ነበር። ጭራሽ እዚያ ስሆን የሚሻለኝ ይመስለኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ልብሴ ከላዬ ወረደ። ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ሦስት አራት ጊዜ ሮጬ እወጣለሁ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ዝም አሉ። የልጆች ዝምታ እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከጎድኔ ሥር በቀኝ በኩል አንድ ነገር አበጠ፣ ስነካው ያመኛል። አባቴ ወሬውን ሰምተው ከይፋግ መጡ። ሲያዩኝ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና ዞር ብለው ቆሙ።

እሳቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዘውኝ ሄዱ። ከመኪና ወርደን ቀሪውን በበቅሎ ነው የሄድነው። ፍል ውሃው ውስጥ ለሰባት ቀን ተነከርሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሰውነቴ አረፈ፣ እንቅልፍም አገኘሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ለገዛ ቁስሏ የመጣች፣ መቆም ሲያቅተኝ ከኋላዬ ብብቴን ይዛ በቅል እያፈሰሰች ታጥበኝ ነበር። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። በስምንተኛው ቀን ደሙ ተመለሰ። አባቴ በቅሎዋን እየጫኑ፣ «ልጄ፣ የደበቅሽው ነገር ካለ ለእኔ ሳይሆን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ» አሉኝ። የለም አልኋቸው። ለአባቴ የዋሸሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድሁ። ነጻ ለመታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የጻፈልኝ ያው ያስፈረመኝ ሊቀ መንበር ነው። ምሕረት ያምጣልሽ አለኝ፣ ከልቡ ይመስለኛል። ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የኛው ቀበሌ የኮሚቴ አባል ሆኖ አገኘሁት። ካርዴን እሱ ያወጣል፣ እሱ ይመልሳል፣ ሐኪም የጻፈውን ሁሉ ያነባል። በዚያ ዘመን ሁለት ሥራ የሌለው ሰው አልነበረም።

አግዳሚው ላይ ስጠብቅ ከእንፍራንዝ ባሏን ይዛ የመጣች ሴት አጠገቤ ነበረች። አጥንቴ እንጨቱ ላይ ሲቆረቁረኝ አይታ ነጠላዋን አጥፋ ከሥሬ አደረገችልኝ። ባሏ ተጠርቶ ሲገባ አብራው ገባች፤ ቆይታ ነጠላዋን ሳትወስድ እያለቀሰች ወጣች። ነጠላዋ እኔ ጋ ቀረ።

ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነበር። ሆዴን ቀስ ብሎ ዳሰሰ፤ ጉበቴና ጣፊያዬ ማበጣቸውን ነገረኝ። ጣፊያ በግራ ጎን ያለችው የደም ማጣሪያ ናት። ከዚያ ብዕሩን ይዞ ጠየቀኝ፤ «ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ? እየገቡ የሚሠሩት ነገር አለ?»

ብዕሩን አየሁት። ካርዱን አየሁት። «አልገባም» አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሐይቁ ዘንድ ደርሼ አላውቅም።»

ሰገራዬን ላቦራቶሪ መረመሩት፣ ምንም አልተገኘም። ኋላ እንደ ተረዳሁት የዚህ በሽታ እንቁላል በአንድ ምርመራ የሚታየው ሁልጊዜ አይደለም፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ግን ጥርጣሬውን ገደልሁበት። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ሌላው ሄደ። ጉበቴ ላይ ክፉ እብጠት ሊሆን ይችላል አለ፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ለታደሰ ነው እንጂ ለእኔ አልነገረኝም፣ ግን ከታደሰ ፊት አነበብሁት። አዲስ አበባ ልከው ሆዴን ሊከፍቱት ወረፋ ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ሁሉ ገብቶኛል። ሐኪም ለምን ሐይቅ ብሎ ይጠይቃል? እግሬን ያሳከከኝ ምን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ሕመሙ ከዚያ ውሃ እንደ መጣ ሆዴ ያውቃል። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ስቆጥር አድራለሁ። ብናገር ካርዱ ላይ ይጻፋል። ከተጻፈ ቀበሌ ይደርሳል፣ ታደሰ ይወሰዳል። እኔም በመናገሬ ስለ መዳኔ ዋስትና የለኝም፤ ማስተዋል ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ያለ አባትም ያለ እናትም ትቀራለች። ዝም ካልሁ እሞታለሁ፣ ታደሰ ይቀርላታል። ሂሳቡ ይህ ነው። ደጋግሜ ቆጠርሁት፣ ሁሌም ያው ይወጣል። አንዳንድ ሌሊት መሞትን አልፈራም ነበር፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ትራሴን ነክሼ ነው የማድረው።

አዲስ አበባ ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ወረቀቴን ለማስጨረስ ሆስፒታል ሄድን። ታደሰ ደግፎኝ፣ አባቴ ማስተዋልን ይዘው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ማስተዋል አባቴ ጉልበት ላይ ሆና እጇን ታካለች። ልብ አላልሁትም፣ ልጅ መቼም ያካል። ኋላ አባቴ ተዪ ብለው እጇን ሲይዙት እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ከመዳፏ እስከ ክርኗ ቀያይ ነጠብጣብ ነው። ከክርኗ በላይ ምንም የለም። እጇን ውሃ ውስጥ እስከ ነከረችበት ድረስ ብቻ ነው ያለው፣ ልክ እንደ እግሬ።

«ምን ነክተሽ ነው?» አልኋት።

«ቀንድ አውጣዎቹን እያጠብኋቸው ነበር» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።

ሳፋዋን ረስቻታለሁ። የመጨረሻዎቹን ያመጣሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር፣ ከዚያ ወድቄ ማን ይድፋት? ልጄ በየቀኑ እጇን እየነከረች ትጫወትባት ኖሯል። በዚያች ደቂቃ የቆጠርሁት ሂሳብ ሁሉ ፈረሰ። እኔ የምሞተው እሷ እንድትኖር ነበር።

ስሜ ሲጠራ ማስተዋልን ከአባቴ ላይ ተቀብዬ፣ ልጅ መሸከም በማልችልበት ክንዴ ተሸክሜ ገባሁ። ታደሰ ተከተለኝ። ሳልቀመጥ ተናገርሁ።

«ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሐይቁ ውስጥ እገባ ነበር። ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቀንድ አውጣ ቤት አምጥቼ ልጄም ውሃውን ነክታለች።» እጇን አሳየሁት።

ታደሰን ለማየት አልደፈርሁም። ዓይኑ መሬት ላይ እንደ ሆነ በጎን ይታየኛል። ለምን ዋሹኝ ሲል ሁሉንም ነገርሁት፤ ክቡን፣ አውሮፕላኑን፣ ፊርማውን፣ ዋሱን። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ማን እንደ ሆነም ነገርሁት። ሐኪሙ በሩን አየ። ብዕሩን ካርዱ ላይ አደረገ።

«ልብስ የት ነው የሚያጥቡት?» አለኝ።

«ቤት ነው፣ ከቦኖ ቀድተን።»

«አይደለም» አለ፣ ቀና ሳይል። «የሚያጥቡት ዓባይ ወርደው ነው። ልጅዎንም ይዘው።» እያለ ጻፈው።

ይህን ሰው ዛሬ ባገኘው እግሩን ብስመው አይቆጨኝም። እሱም ካርድ ላይ ሐሰት በመጻፉ ሊጠየቅ ይችል ነበር።

ለሦስት ቀን ሰገራዬን ደጋግመው አዩት፣ በሦስተኛው ቀን እንቁላሉ ተገኘ። ቢልሃርዚያ ይባላል። ትሉ መጀመሪያ ቀንድ አውጣው ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ለዓይን የማይታይ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፣ ሰው ሲገባ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ማሳከኩ ሲገባ ነው። ደም ሥር ውስጥ ሆኖ እንቁላሉን አንጀትና ጉበት ላይ ይጥላል፤ ሰውነት ያን ሲታገል ነው ጉበት የሚያብጠው። አዲስ አበባ ሄጄ ሆዴን ቢከፍቱት ኖሮ በዚያ አቅሜ አልነሣም ነበር። መድኃኒቱ ትልልቅ መራራ ፍሬ ነው፣ በአንድ ቀን የሚዋጥ። ለማስተዋል በኪሎዋ ልክ ሰባብረው በማር ሰጧት። እኔ ቀኑን ሙሉ አስመለሰኝ፣ ቤቱ ዞረብኝ፣ ሆዴ ተቆረጠ። በሳምንቱ ደሙ ቆመ። በወሩ ሽሮ በላሁ፣ ሽሮ ጣፈጠኝ ብዬ አለቀስሁ።

ጤናው ሲመለስ ፍርሃቱ አልሄደም። የካርድ ክፍሉ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «የዓባይ ውሃ እንዲህ ጉድ ያደርጋል?» አለኝ አንድ ቀን። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ፤ ያወቀ ይሁን ያላወቀ ዛሬም አላውቅም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም ሳንነጋገር እንቆማለን። ታደሰ ከፈረቃ ሃያ ደቂቃ ከዘገየ እኔ በር ላይ ነኝ። እንደዚህ ሆነን ብዙ ጊዜ ኖርን።

አሁን ምክሬን ልጨርስ። የሚያሳክክ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ልጅ አታስገቡ። ቀንድ አውጣ ያለበትን ውሃ ቤት አታምጡ። ደም ካያችሁ አንድ ጊዜ አልተገኘም ተብሎ አትመለሱ፣ ደግማችሁ ተመርመሩ። ትድናላችሁ፣ መድኃኒት አለው፤ እኔ ጉበቴ ትንሽ ጠባሳ ይዞ ቀርቷል እንጂ ይኸው አርጅቻለሁ፣ ማስተዋልም የራሷን ልጆች ወልዳለች። ከሁሉ በላይ ሐኪም ሲጠይቃችሁ እግራችሁ የረገጠውን ሁሉ ተናገሩ።

የቀረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መድኃኒቱን ከዋጥሁ በሁለተኛው ወር ገደማ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታደሰና እኔ ቤት ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ። አንተን አስይዤ፣ ከአንተ ደብቄ፣ እያልሁ ስጀምር እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«ጧት ጧት ግቢው ላይ የምትተዪውን የጭቃ ዱካ ማን ይጠርገው መሰለሽ?» አለኝ። «ከፈረቃ ስመለስ ከበሩ እስከ ደጃችን ነበር። ጎረቤት ሳይነሣ እጠርገዋለሁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

«ሌላም ነገር አለ» አለ። «ሐኪሙ እኔንም ጠይቆኝ ነበር። አንቺ ላቦራቶሪ ስትገቢ። ሚስትህ ሐይቅ ትገባለች ወይ አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«አትገባም አልኩት።»

«ታደሰ፣ እሞት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ለማስተዋል አንድ ሰው ይቅርላት ብዬ ነው።»

ልጮህበት አፌን ከፈትሁ። ግን እኔም አልጋዬ ላይ ሌሊት ሌሊት የቆጠርሁት ይኸንኑ ነበር፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ መልሱም ያው። እሱ በፋብሪካው፣ እኔ በአልጋዬ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እኔ እንድሞት ተስማምተን ኖረናል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ተቃቅፈን አለቀስን። ጎረቤት እንዳይሰማን ግን ሁለታችንም ድምፅ አላወጣንም።